ጆንቲ ፓርኪን፦ ተጫዋች የራሱን የዝውውር ሂሳብ እንዴት ይከፍላል? የቁጥሮቹስ ነገር?

ማኅሌት_ጸ (ጥያቄ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ጆንቲ ፓርኪን በአማርኛ አጠር ያለ የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀሁ ነው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ስሙ የገነነ የእንግሊዝ ራግቢ ሊግ ተጫዋች ነው። እስካሁን የያዝኩት ይህን ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦

በ1894 ዌክፊልድ አጠገብ ባለችው ሻርልስተን በምትባል የከሰል ማዕድን መንደር ተወለደ። በ1913 ለዌክፊልድ ትሪኒቲ ፈረመ። በ1920፣ በ1924 እና በ1928 ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ወደ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተጓዘ፤ በሁለቱ የኋለኞቹ ጉዞዎች አምበል ነበር። በ1930 ወደ ሀል ሄደ፣ በ1932 ጫማውን ሰቀለ።

የተቸገርኩባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። የ1930ውን ዝውውር በተመለከተ «100 ፓውንዱን ራሱ ከፈለ» ይላል። ክለብ ለክለብ የሚከፍለውን ሂሳብ ተጫዋች እንዴት ይከፍላል? ውሉን አፍርሶ መሄድ አይችልም ነበር ወይ? ሌላው፣ አንዱ ጽሑፍ ለ«ታላቋ ብሪታንያ» 17 ጊዜ ተሰለፈ ሲል ሌላው ያንኑ ቡድን «እንግሊዝ» ይለዋል፤ ግን በቡድኑ ውስጥ የዌልስ ልጆች አሉ። የነጥብ ድምርም ዛሬ ባለው ሕግ ሳሰላው አይገጥምልኝም። በመጨረሻም የሚጫወትበት ቦታ አንዴ ቁጥር 6፣ አንዴ ቁጥር 7 ተብሏል። የትኛውን ልጻፍ?

የመዝገብ_ሰው

ከዝውውሩ ልጀምር፤ ከታሪኩ ሁሉ ጣፋጩ እሱ ነውና።

«ውሉን አፍርሶ» የሚለው የዛሬ አስተሳሰብ ነው። በዚያ ዘመን ተጫዋችን የሚያስረው የውል ዘመን ሳይሆን ምዝገባው ነው። አንዴ ከፈረመ ስሙ በሊጉ መዝገብ ላይ በክለቡ ስር ይሰፍራል፤ ክለቡ እስኪለቀው ድረስም ለሌላ የሊጉ ክለብ መሰለፍ አይችልም። ጊዜው የሚያበቃበት ቀን የለም። ክለቡ ባያሰልፈው እንኳ ምዝገባውን ይዞ ማስቀመጥ ይችላል። ተጫዋቹ ተናዶ ወደ ራግቢ ዩኒየን (ያኔ ያለ ክፍያ ይካሄድ ወደነበረው ሌላው የራግቢ ዓይነት) ልሂድ ቢልም በሩ ዝግ ነው፤ በሊጉ በገንዘብ የተጫወተ ሰው እዚያ ዕድሜ ልኩን የታገደ ነበር።

የዝውውሩ ሂደት እንዲህ ነው። ክለቡ ተጫዋቹን ለዝውውር ያቀርብና ዋጋ ይቆርጥለታል። ፈላጊው ክለብ ያንን ዋጋ ለባለቤቱ ክለብ ይከፍላል። ከዚያ ምዝገባው ይዛወራል፣ ተጫዋቹም ለአዲሱ ክለብ ይፈርማል። ልብ በይ፣ የዝውውሩ ገንዘብ በተጫዋቹ እጅ አያልፍም፤ እሱ የሚያገኘው ከአዲሱ ክለብ ጋር የተስማማበትን የፊርማ ገንዘብና የየጨዋታውን ክፍያ ነው።

አሁን 1930 ላይ እንምጣ። ፓርኪን 35 ዓመት ሞልቶታል፣ ለትሪኒቲ ከተጫወተ 17 ዓመት ሆኖታል። ክለቡ 100 ፓውንድ ቆረጠለት። ለማነጻጸር ያህል፣ ቢሊ ባተን በ1913 ከሀንስሌት ወደ ሀል ኤፍሲ ሲሄድ 600 ፓውንድ ተከፍሎበታል፤ ሃሮልድ በክ ደግሞ በ1921 ከሀንስሌት ወደ ሊድስ በ1,000 ፓውንድ ተዛውሯል። ስለዚህ 100 ፓውንድ እንደ ዝውውር ዋጋ ትንሽ ነው፤ ለአንድ ሠራተኛ ሰው ኪስ ግን ትንሽ አይደለም። የሚሄደው ወደ ሀል ኪንግስተን ሮቨርስ ነበር፤ ሂሳቡን ግን ክለቡ አልከፈለም። ፓርኪን 100 ፓውንዱን ከራሱ አውጥቶ ለዌክፊልድ ከፈለና ራሱን ገዛ። ከዚያ ለሮቨርስ ፈረመ።

በደንቡ ላይ «ከፋዩ ክለብ ብቻ ነው» የሚል ቃል ስላልነበረ ዌክፊልድ እምቢ የሚልበት ምክንያት አልነበረውም። የጠየቀውን ዋጋ አግኝቷል። ከዚያ በኋላ ግን ሊጉ ተጫዋች የራሱን የዝውውር ሂሳብ እንዳይከፍል ደንቡን ቀየረው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የክለብ ሹማምንቱን ቦታ ያዢ፦ ተጫዋች ምዝገባውን መግዛት ከቻለ ከማን ጋር እንደሚዋዋል የሚወስነው እሱ ነው፤ የምዝገባው ሰንሰለት ከመሃሉ ይበጠሳል። ደግሞም ፈላጊው ክለብ ገንዘቡን በጓሮ ለተጫዋቹ ሰጥቶ ርካሽ ዋጋ ማስቆረጥ ይችላል።

ስትጽፊ «ዌክፊልድ በ100 ፓውንድ ለሀል ሸጠው» እንዳትዪ። ሻጩ ትክክል ነው፣ ገዢው ግን ሀል አይደለም።

ቁጥር_ሰባት

ከላይ ባለው ላይ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ «ወደ ሀል ሄደ» ብለሽ አትተይው። በሀል ከተማ ሁለት ክለቦች አሉ፣ ደጋፊዎቻቸውም ዓይንና ናጫ ናቸው። አንዱ ሀል ኤፍሲ ነው፣ ሌላው ሀል ኪንግስተን ሮቨርስ። በፓርኪን ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ስላሉ መደባለቁ ቀላል ነው። ሚያዝያ 1914 ሃሊፋክስ ላይ ትሪኒቲን በቻሌንጅ ካፕ (የሀገሪቱ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ 6 ለ 0 የረታው ሀል ኤፍሲ ነው። ፓርኪን በ1930 የሄደው ወደ ሮቨርስ ነው። ሁለቱንም «ሀል» ካልሽ አንባቢው «ዋንጫ ወደ ነጠቀው ክለብ ሄደ» ብሎ ያልነበረ ድራማ ይሠራል።

የቦታው ነገር፦ ሁለቱንም ጻፊ፣ ሁለቱም ልክ ነው። ግን ለአማርኛ አንባቢ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርም፤ በእግር ኳስ 6 እና 7 ሌላ ትርጉም አላቸው። በራግቢ ሊግ 13 ተጫዋች ነው የሚሰለፈው። 1 የኋላ ተከላካዩ ነው፣ 2 እና 5 የመስመር ተጫዋቾች፣ 3 እና 4 የመሃል ሯጮች፣ ከ8 እስከ 13 ያሉት ግፊያው ውስጥ የሚገቡት ጉልበተኞች። 6 እና 7 በሁለቱ ወገን መካከል የቆሙ ጥንድ ናቸው፤ ኳስ ከጉልበተኞቹ ወደ ሯጮቹ የሚያልፈው በእነሱ እጅ ነው።

ልዩነታቸውን ለማየት አንድ ስክረም (የቆመ ጨዋታ የሚጀመርበትን ግፊያ) በቅርብ ማየት ይበቃል። በየወገኑ 6 ጉልበተኞች 3፣ 2፣ 1 ሆነው ይደረደራሉ፤ ከፊት 3 ተያይዘው፣ ከኋላቸው 2፣ በመጨረሻ 1። ሁለቱ የፊት ረድፎች ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ በመሃል ጠባብ ዋሻ ይፈጠራል። ቁጥር 7 ጎንበስ ብሎ ኳሱን ወደዚያ ዋሻ ይለቃል። በፊት ረድፍ መሃል ያለው ቁጥር 9 እጆቹ በጎረቤቶቹ ትከሻ ላይ ስለሆኑ በእግሩ ብቻ ጠልፎ ወደ ኋላ ይስባታል። ኳሷ በእግሮች መካከል ተንከባልላ በመጨረሻው ሰው፣ በ13 እግር ስር ስትወጣ 7 ዞሮ ከኋላ ደርሶ ያነሳታል፤ 6 ደግሞ ጥቂት ሜትር ርቆ ይጠብቃል። 7 የተቃራኒ ጉልበተኛ ትከሻ አጠገብ ሆኖ በግማሽ ሰከንድ ይወስናል፦ ልስጥ፣ ልምታ ወይስ ራሴ በጠባቡ በኩል ልውጣ። 6 ትንሽ ጊዜና ቦታ አለው።

ፓርኪን በ1914ቱ ፍጻሜ በ6 ቦታ ነበር፤ በ1924 የዮርክሻየር ካፕን (የአውራጃውን ዋንጫ) ሲያነሳ በ7 ቦታ፣ አምበል ሆኖ። ዛሬ ስክረም ለወጉ ያህል ብቻ ስለሚደረግ የዘመኑ ተመልካች የ7ን ክብደት ላይረዳው ይችላል። ያኔ ግን አንድ ቡድን ኳሱን ሳያስረክብ ስንት ጊዜ ተይዞ ሊወድቅ እንደሚችል የሚወስን ገደብ አልነበረም፤ ባለኳሱ ቡድን ኳሱን እስካላጣ ድረስ ሌላው ወገን ማሳደድ ብቻ ነው። ገደቡ የመጣው በ1966 ነው፣ መጀመሪያ 4፣ ኋላ 6። ስለዚህ አንድ ስክረም ማሸነፍ የረጅም ደቂቃ ባለቤትነት ነው፣ የዚያ በር ጠባቂ ደግሞ 7።

ተቀያሪም አልነበረም። ሰው ከተጎዳ ቡድኑ በ12 ይቀጥላል። በድሮ ዘገባ ላይ አንድ ጉልበተኛ ድንገት የመስመር ተጫዋች ሆኖ ካገኘሽው አሠልጣኙ አብዶ አይደለም፤ ቁስለኛውን ዳር አውጥተውት ነው።

የድሮ_ውጤት

ነጥቡን እኔ ልውሰደው። ያልገጠመልሽ ትራይን (ኳሱን ይዞ ከተቃራኒው የጎል መስመር ባሻገር መሬት ማስነካትን) 4 ነጥብ አድርገሽ ስላሰላሽው ነው። 4 የሆነው በ1983 ነው። በፓርኪን ዘመን ትራይ 3 ነጥብ፣ ጎል (ኳሱን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ መምታት) ደግሞ በማንኛውም መንገድ ይግባ 2 ነጥብ ነው፦ ከትራይ በኋላ የሚመታው፣ የቅጣት ምቱ፣ በጨዋታ መሃል ኳሱን መሬት አንጥሮ የሚመታውም ጭምር። ይህ የመጨረሻው ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ 1 ነጥብ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው እሱ ላይ ይሳሳታል።

ስሌትሽን የምትፈትኚበት የታወቀ ተጫዋች ልስጥሽ። የዊጋኑ ጂም ሰሊቫን በሙያ ዘመኑ 2,867 ጎልና 96 ትራይ አለው። 2,867 በ2 ሲባዛ 5,734 ነው፤ 96 በ3 ሲባዛ 288። ድምሩ 6,022፣ በመዝገብ ላይ ያለውም ይኸው ነው። ትራዩን በ4 ብታባዢው 6,118 ይወጣና መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስልሻል።

የጨዋታ ውጤት ብቻ አይተሽ ግን «ይህን ያህል ትራይ አገቡ» እንዳትዪ። የ1924ቱ የዮርክሻየር ካፕ ፍጻሜ ትሪኒቲ 9፣ ባትሊ 8 ነው። 9 ከ3 ትራይ ሊመጣ ይችላል፤ ከ1 ትራይና ከ3 ጎልም ይመጣል። 8 ወይ 2 ትራይና 1 ጎል ነው፣ ወይ 4 ጎል ብቻ። አንድ መንገድ ብቻ ያላቸው ትንንሾቹ ናቸው፦ 2፣ 3፣ 4፣ 5 እና 7። ስለዚህ የ1924ቱ ሁለተኛው የአውስትራሊያ ቴስት (በብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚደረግ ይፋዊ ጨዋታ)፣ 5 ለ 3፣ ያለ ጥርጥር 1 ትራይና 1 ጎል ለ1 ትራይ ነው። 6 ላይ ስትደርሺ ግን ዘገባውን ማንበብ ግድ ነው።

በጨዋታ ብዛት ላይ ሁለት ጉድጓድ አለ። የመጀመሪያው ጦርነቱ ነው። ከ1914–15 የውድድር ዘመን በኋላ መደበኛው ውድድር ተቋረጠ፤ ክለቦች በመሃል የተጫወቷቸው የወዳጅነት ያህል ናቸው። አንዳንዱ ቆጣሪ ይጨምራቸዋል፣ አንዳንዱ አይጨምርም። ፓርኪን የጀመረው በ1913 ስለሆነ ከ20 እስከ 24 ያለው ዕድሜው በሙሉ እዚያ ክፍተት ውስጥ ገብቷል። ሁለት ምንጭ የተለያየ ድምር ቢሰጥሽ አማካዩን አትውሰጂ፤ የትኛው የጦርነቱን ጨዋታ እንደቆጠረ ለይተሽ አንዱን ያዢ፣ የመረጥሽውንም በአንድ ሐረግ ንገሪን።

ሁለተኛው የጉዞ ዓመት ነው። መርከቡ የሚነሳው የእንግሊዝ ውድድር ዘመን ሳያልቅ ነው። ስለዚህ በ1920፣ በ1924 እና በ1928 የጸደይ ወራት ፓርኪን ከክለቡ ዝርዝር ቢጠፋ ተጎድቶ ወይም ተቀንሶ አይደለም። በጉዞው ላይ ደግሞ ከቴስቶቹ ሌላ ከክፍለ ግዛትና ከከተማ ቡድኖች ጋር ብዙ ጨዋታ አለ። እነዚያ በሙያ ድምር ውስጥ ይገባሉ፣ በቴስት ቁጥር ውስጥ አይገቡም።

የመዝገብ_ሰው

የቡድኑ ስም ቀረ። በሦስት ጉዞ ውስጥ ሁለት ስም ነው ያለው። በ1920 የወጣው «ኖርዘርን ዩኒየን» ይባል ነበር፤ የስፖርቱ አስተዳደር ስሙን ወደ ራግቢ ፉትቦል ሊግ የቀየረው በ1922 ነው። በ1924 እና በ1928 የተጓዘው «እንግሊዝ» ተባለ፣ ምንም እንኳ ሰሊቫን የካርዲፍ ልጅ ቢሆንና ሌሎች ዌልሶችም ቢኖሩበት። «ታላቋ ብሪታንያ» የሚለው ስም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣ ነው፤ የዛሬ መዝጋቢዎች ወደ ኋላ ተመልሰው የድሮዎቹን ቴስቶች በሙሉ በዚህ ስም ስር አስገብተዋቸዋል። 17ቱ ከዚያ የመጣ ነው።

እውነተኛው እንግሊዝ፣ እንግሊዛውያን ብቻ ያሉበት፣ ለብቻው አለ፤ ከዌልስና «ሌሎች ብሔሮች» ከሚባለው ቡድን ጋር ይጫወት ነበር። የዮርክሻየር አውራጃ ቡድን ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱን አትደምሪ። በጽሑፉ ውስጥ «17 ቴስት (ዛሬ በታላቋ ብሪታንያ ስም የሚመዘገብ)» ማለት ይበቃል።

ማኅሌት_ጸ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ስህተት ልጽፍ ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። «ብዙ ዋንጫ ያነሳ» ብዬ ጽፌ ነበር፣ አሁን ግን ተጠራጠርኩ። ደግሞ ዓመቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ልመልስ እያልኩ «1924–25» ግራ አጋባኝ፤ 1916/17–1917/18 ብዬ ልጻፍ?

ቁጥር_ሰባት

ያንን ዐረፍተ ነገር ሰርዢው። ከትሪኒቲ ጋር ያነሳው ትልቁ ያ የ1924–25 የዮርክሻየር ካፕ ነው፤ በ1926 እንደገና ፍጻሜ ደርሰው በሀደርስፊልድ 10 ለ 3 ተረቱ። ትሪኒቲ ቻሌንጅ ካፕን በ1909 ካነሳ በኋላ እንደገና ያገኘው በ1946 ነው፣ አንዱ ከፓርኪን በፊት፣ ሌላው በኋላ። የሊጉን ሻምፒዮንነት ደግሞ እስከ 1967 አላየውም። የቻሌንጅ ካፕ ፍጻሜ ለንደን ባለው ዌምብሊ ስታዲየም መካሄድ የጀመረው በ1929 ነው፣ ዊጋን ዱስበሪን 13 ለ 2፤ ፓርኪን እዚያ ሜዳ ላይ የፍጻሜ ተጫዋች ሆኖ አልቆመም።

ክብሩ የመጣው ከጉዞዎቹ ነው። ሦስት ጊዜ የተጓዘ የመጀመሪያው ተጫዋች እሱ ነው፤ አምበል በሆነባቸው በ1924 እና በ1928 የአውስትራሊያን ቴስቶች 2 ለ 1 አሸንፈው ነው የተመለሱት። ሁለቱንም ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወስደው ሦስተኛውን አጡ። ይህን «ሁሌ አሸናፊ» አድርገሽ እንዳታስውቢው፤ በ1924 ኒውዚላንድ ላይ 2 ለ 1 ተሸንፈዋል። በ1988 የራግቢ ሊግ የክብር አዳራሽ ሲከፈት ከገቡት 9 ሰዎች አንዱ ሆኗል፤ በክለብ ዋንጫ ብዛት ቢሆን አይገባም ነበር።

ባሕረ_ሐሳብ

የዘመኑን ነገር እኔ ልመልስ፣ ከሁሉም ቀላሉ ነው። 1916/17–1917/18 አትጻፊ፣ ሦስት ዓመት የፈጀ ያስመስለዋል። ያኔ የእንግሊዝ የውድድር ዘመን በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ጀምሮ በሚያዝያና በግንቦት መጀመሪያ ያልቅ ነበር። መስከረም 1 ደግሞ እነሱ ገና ሁለት ሳምንት እንደተጫወቱ ይገባ ነበር። ስለዚህ 1924–25 ማለት በእኛ ከሞላ ጎደል 1917 ዓ.ም. ነው። የነሐሴና የጳጉሜን ጨዋታዎች ብቻ ወደ 1916 ይወድቃሉ። የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ዓመት ያዢና 7 ቀንሺ፣ የውድድር ዘመኑን አገኘሽው።

ለነጠላ ቀን ግን በጥንቃቄ ነው። ኅዳር 22፣ 1924 (በፈረንጅ) ኅዳር 13 ቀን 1917 ነው። ሚያዝያ 18፣ 1914 ደግሞ ሚያዝያ 10 ቀን 1906። እነዚህ ተራ ናቸው። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ግን መስከረም 1 በፈረንጅ 12 ላይ ይውልና እስከ የካቲት መጨረሻቸው ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል፤ በ1927–28 የነበረው እንዲህ ነው፣ የእኛ 1919 ጳጉሜን 6 ነበረችና።

የሚያሳስተው ከ1900 በፊት ያለው ነው። ፈረንጆቹ በ1900 የካቲት 29ን ስላልቆጠሩ ከዚያ በፊት ያሉ ቀኖች ዛሬ ከለመድነው በአንድ ይለያሉ። ራግቢ ሊግ የተመሠረተበትን ስብሰባ ልትጠቅሺው ነው መሰለኝ፤ ሀደርስፊልድ ጆርጅ ሆቴል፣ ነሐሴ 29፣ 1895። በዛሬው ልማድ ብታሰይው ነሐሴ 23 ይሰጥሻል፣ ትክክሉ ነሐሴ 24 ቀን 1887 ነው። የፓርኪንም ልደት ከ1900 በፊት ስለሆነ ሙሉ ቀኑን ከልደት መዝገብ ካወጣሽ ይኸው ሕግ ይሠራበታል፤ ዓመቱን ብቻ ከያዝሽ «1886/87 ዓ.ም.» ብለሽ እለፊው።

የድሮ_ውጤት

ባሕረ_ሐሳብ ካለው ላይ፦ የዝውውሩ 1930 እንዲሁ ባዶውን አይቀየርም። ወሩን ካላወቅሽ በፈረንጁ ተዪው፣ ወይ «1922/23» በዪ። እና 100 ፓውንዱን ወደ ብር አትመንዝሪ፤ ከ1,000 ፓውንዱ በክ ጎን ብታስቀምጪው አንባቢው ይገባዋል።